የቦታው ሁለተኛ ግማሽ

ሰኞ፣ ኦገስት 19 ቀን 1957

የዛሬ ጠዋት ገቢ፦ የረግረግ እንጆሪ ዘጠኝ ባልዲ። አራቱ ከወደ ላይ፣ ሦስቱ ከወደ ታች፣ ሁለቱ ከወደ ውጭ። ከወደ ውስጥ ማዶ ምንም የለም። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ ጉም የለም። የእማዬ ትኩሳት ከትናንቱ አልወረደም።

ለተወደድከው ወንድሜ ጋርላንድ፤ ከአንተ ጀምሮ እስከ ትንሿ ልጅህ ድረስ እንደምን ሰነበታችሁ? ወገብህ እንዴት ሆነ? ብረት ወድቆበት የጠቆረው የአውራ ጣትህ ጥፍር አዲስ አወጣ ወይስ እንደዚያው ቀረ? ዶሪስስ ያ የደረት ሳሏ ለቀቃት? ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ምን ይሠራሉ? የከተማው ሙቀት አላስተኛን አለ ብለህ ጽፈህልኝ ነበርና እሱም በርዶላችሁ እንደሆነ ንገረኝ። ከቀን መዝገቤ መጀመሬን አትታዘበኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ስለጻፍኩ እጄ ሌላ አጀማመር አያውቅም።

እኛ ሁላችን ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ ነበር። ባለቤቴ ሴሊና ደህና ናት፣ ልጃችን ኦሊቭ ደህና ናት፣ እኔም በቁሜ አለሁ። እማዬ ግን ደህና አይደለችም። ትተርፍ አትተርፍ እንደሆነ፣ ብትተርፍስ በሁለት እግሯ ይሁን በአንዱ፣ የሐኪሙ መርከብ ረቡዕ እስኪመጣ ድረስ አናውቅም። በሕይወት መገኘቷን በቴሌግራም ነግሬሃለሁ። እንዴት እንደተገኘች ግን በወይዘሮ ፒርሲ ጣት ተመትቶ የሚላክ ነገር አልነበረም። ይህን ደብዳቤም በእሷ ፖስታ ቤት አልሰደውም። ፖስታ በመብራት ላይ ዘርግታ እንደምታይ አንተም እኔም እናውቃለን። የአዛርያ የልጅ ልጅ ሐሙስ ወደ እናንተ ስለሚጓዝ በእጁ እሰጠዋለሁ።

ለፋሲካ በጻፍክልን ደብዳቤ ቶሮንቶ ውስጥ ቦታ የሚነገረው በቁጥር ነው ብለህ አስቀኸን ነበር። አለቃህ መዶሻው የት ነው ቢልህ «ወደ ውጭ፣ ከእንጨቱ ክምር ሥር» ስትለው የእብድ ያህል አፍጥጦ አየህ፤ ከዚያም የትኛው ፎቅ፣ ስንተኛ ክፍል ብሎ ጠየቀህ። ሴሊና ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታነብልን እማዬ ሹራቧን አስቀምጣ «ታዲያ ከዚያ በላይ በምን ሊነገረው ነበር? እጁን ይዞ ሊወስደው ነው?» ብላ በአለቃህ ተቆጣች።

እኛ ዘንድ ቦታ ሁለት ግማሽ አለው። የመጀመሪያው ግማሽ ከቆምንበት ተነስቶ መንገድ ይይዛል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ውስጥ፣ ማዶ። ሁለተኛው ግማሽ ሄዶ ነገሩን ይነካል፤ ከሥሩ፣ ከአጠገቡ፣ ከኋላው፣ ከላዩ። ለመዶሻ ሁለቱንም እንናገራለን። ለእንጆሪ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው የመንደሩ ነው፤ አንዲት ሴት ሳትናገር ብትወጣና ባትመለስ በየት በኩል እንፈልጋታለን? ሁለተኛው የራሷ ነው። ከእናቷ ተቀብላዋለች፣ ለልጇ ታወርሰዋለች። ይህን ለአንተ ማስረዳት ዓሣን ዋና እንደማስተማር መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ራሴ ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንዲህ ለያይቼ አስቤው ስለማላውቅ፣ ወረቀት ላይ ላየው ፈለግሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እማዬ በሱቄ በር ብቅ አለች። የቆርቆሮ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣ የአባባን ቦት ጫማ ተጫምታ፣ ሽርጧን ወገቧ ላይ አጥብቃ። «ወደ ውስጥ ማዶ ነኝ» አለችኝ። ብቻሽን ነሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት «ታዲያ ከበሮ እያስመታሁ ልሂድ?» አለችና ወጣች። እንደ ልማዴ መዝገቡ ላይ አሰፈርኩት፦ እማዬ፣ ወደ ውስጥ ማዶ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከቀትር በኋላ ጉሙ ከባሕር ተነስቶ ወጣ፤ ከሱቄ በረንዳ ላይ ቆሜ የራሴን ጀልባ ማየት አቃተኝ። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ገቡ። እሷ አልገባችም። እስኪመሽ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አስደወልን፤ ድምፁን ተከትላ ትመጣለች ብለን። አልመጣችም።

ረቡዕ በማለዳ ፖሊሱ ከወደ ታች ካለው ወደብ በጀልባ መጣ። ወጣት ነው፣ ከዋናው ምድር ከተላከልን ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ጨዋ ነው። ካርታውን ባንኮኒዬ ላይ ዘረጋ። በዚያ ካርታ ላይ ወደ ውስጥ ማዶ የምንለው አገር ስም የሌለው ነጭ ወረቀት ነው፤ በላዩ ላይ ሁለት መቶ ኩሬ እንደ ፈንጣጣ ተበትኗል። «ወዴት ነው የሄደችው?» አለ። «ወደ ውስጥ ማዶ» አልነው ሱቁ ውስጥ ያለን ሁሉ ባንድ አፍ። ጻፈና እርሳሱን እንደያዘ ጠበቀ። እኛም ጠበቅን። «እሺ፣ ከምን አጠገብ? ከምን ሥር?» አለ። ሽማግሌው አዛርያ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ «ልጄ፣ ከሚስቴ ጋር አርባ አንድ ዓመት ባንድ አልጋ ተኝቻለሁ፤ እሷንም ጠይቄያት አላውቅም» አለው። ፖሊሱ የቀለድንበት መሰለው። አዛርያ ግን አልቀለደም።

ወደ ውስጥ ማዶ የሚለቅሙ ሌሎች አምስት ሴቶች አሉ። በዚያ ጉም ውስጥ አምስቱም እማዬን ፍለጋ ወጡ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን እያንዳንዷ የራሷን ቦታ ብቻዋን ነው ሄዳ ያየችው። ከአምስቱ አንዷ ድሩሲላ፣ ፖሊሱ ሊከተላት ሲል ዞር ብላ «አንተ እዚያው ቁም፤ እኔ እስክጠራህ እንዳትነቃነቅ» አለችውና ረግረግ መሀል እንደ ፍየል ተክላው ሄደች። ሁለት ሰዓት ቆሞ ቆየ። ወንዶቹ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ እየተጣሩ ሄዱ። ማንም ምንም አላገኘም።

ለአንተ ቴሌግራም የላክሁት በዚያ ጠዋት ነው። ምን ብዬ እንደላክሁ ታስታውሳለህ፦ «እማዬ ከትናንት ጀምሮ አልተመለሰችም። ጉም ነው። ቦታውን ቶሎ ላክ።» ከእሷ በቀር ቦታውን የምታውቅ አንተ ብቻ ነበርክ። ሰባት ዓመትህ ሆኖ ይዛህ ስትገባ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አጎታችን ሱቅ ውስጥ ሚዛን እይዝ ነበር። እኔንም ውሰጂኝ ስላት የመለሰችልኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «አንተ የሱቅ ምላስ አለህ፤ ዛሬ አሳይቼህ ነገ ስድስት ልጃገረድ ባልዲ አስይዘህ ትሰዳለህ» አለችኝ። አልዋሸችም። ያን ጊዜ ብታሳየኝ ኖሮ እሰድ ነበር።

መልስህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ወይዘሮ ፒርሲ ራሷ እየሮጠች አመጣችው። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። እንዲህ ይላል፦ «ወደ ውስጥ ማዶ ነው። አጥብቃችሁ ፈልጉ። እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን። ጋርላንድ።»

ጋርላንድ፣ ያንን ወረቀት ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ሌላ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ። ያለኝን ግማሽ መልሰህ ላክህልኝ። ፖሊሱ «ወንድምህ አያውቀውም ማለት ነው?» አለኝ። አዛርያ በእኔ ፈንታ «ያውቀዋል እንጂ፤ ሽቦው ግን ጆሮ አለው» ብሎ ወይዘሮ ፒርሲን በዓይኑ አሳየው። እሷም «እኔ ምን አደረግሁ! የሰው ሚስጥር እዚህ ተቀብሮ ነው የሚቀረው» ብላ ደረቷን መታች። አንድም ሰው አላመናት። በዚያች ሰዓት አንተን አጠገቤ ባገኝህ ምን አደርግህ እንደነበር አላውቅም። እናታችን ጉም ውስጥ፣ አንተ ደግሞ የእንጆሪ ቦታ ትጠብቃለህ! እንዲህ ነው ያልኩት በልቤ፤ አልደብቅህም።

ንዴት እቃ አይሸጥም፤ ስለዚህ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሥራዬ ደግሞ እንጆሪ መግዛት ነው። ባንኮኒው ኋላ ተቀምጬ እማዬ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያመጣችልኝን አሰብኩ። የእሷ ፍሬ ሁልጊዜ ከሌሎቹ አምስት ስድስት ቀን ቀድሞ ይበስላል። ስለዚህ ከሰሜን ነፋስ የተከለለ ነው፤ ፊቱን ለፀሐይ የሰጠ ገደል ሥር ነው። ባልዲዋን ወንፊት ላይ ስገለብጥ ከታች የሚቀረው እንደ ሌሎቹ ጥቁር አፈር አይደለም፤ ነጭ፣ ደቃቅ፣ ስኳር የመሰለ አሸዋ ነው። ከሁለት መቶ ኩሬ ውስጥ ዳርቻው ነጭ አሸዋ የሆነ አንድ ብቻ አይቻለሁ፤ አባባ በሞተበት ዓመት ከእሱ ጋር አጋዘን ስንከተል። እውነቱን ልንገርህ፤ ይህን ያሰብኩት ረቡዕ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ሦስት ዓመት ሆኖኛል። አውቄው ዝም ብዬ ነበር። አንድም ቀን ወደዚያ እግሬን አላነሳሁም። ለምን ብትለኝ፣ አልሰጠችኝም፤ መልሱ ይኸው ነው።

ታዲያ የምታውቅ ከሆነ ለምን ማክሰኞ ማታ አልሄድክም ብለህ ትጠይቀኛለህ። ጠይቀኝ፤ እኔም ራሴን እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ማታ «እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ። ረቡዕ ጠዋት «ጋርላንድ ይልክልናል» አልኩ። ሰዎቹን ይዤ ወደ አሸዋው ኩሬ ብሄድና እሷ ሌላ ቦታ ብትገኝ፣ ቦታዋን በከንቱ ለመንደሩ ሁሉ ሰጠሁባት ማለት ነበር። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን አለፈ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጠመንጃዬንና ብርድ ልብስ ይዤ ወጣሁ። ያገኛት ሰው ሦስት ጊዜ እንዲተኩስ፣ ሌሎቹም ቃሬዛውን ይዘው እንዲደርሱ ተስማምተን ነበር። አዛርያ ወዴት ነህ አለኝ። «ወደ ውስጥ ማዶ» አልኩት። ዓይኔን አየኝ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ደረስኩ። ከገደሉ ሥር ሁለት ድንጋይ መሀል ነበረች። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተሰብሯል። የጥድ ቅርንጫፍ ሰብስባ በላይዋ ደርባለች። ባልዲዋ ከጎኗ ሙሉ ነው፤ ጉሙ ፍሬውን እንዳያበላሽባት ሽርጧን ፈትታ ሸፍናዋለች። ስታየኝ አላለቀሰችም። «ማን ነገረህ? ጋርላንድ ነው?» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ደረቅ ወረቀት ሆኗል። «አይደለም፤ ባልዲሽ ነው የነገረኝ» አልኳት። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች። ሦስት ዓመት ስላት ፊቷን አዞረች። እንዳልሰማችኝ መስሎኝ ነበር። ቆይታ «አንድ ቀንም አልመጣህ» አለች። የጠየቀችኝ ይሁን የነገረችኝ አላወቅሁም።

ውኃ አጠጣኋት። ከዚያ ጠመንጃዬን አነሳሁ። «ሄድሊ፣ እዚህ እንዳትተኩስ» አለችኝ። «እማዬ እግርሽን እይው እንጂ!» አልኳት። «እግሬ የኔ ነው። ቦታው የእናቴ ነው። ከዚህ አውጣኝና የፈለግህበት ተኩስ» አለች። ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም፤ ይህን ነው ልጽፍልህ የተቀመጥኩት። አልተከራከርኩም። ከእሷ ይልቅ ለራሴ ተገቢ መስሎ ታየኝ። እግሯን በሁለት እንጨት አስሬ በጀርባዬ አዘልኳት። ከአሸዋው ኩሬ መንደሩ ሁሉ እስከሚያውቀው የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ ረግረግ ለረግረግ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ተሸከምኳት። ሻርፗን ነክሳ ይዛ አንዴም አልጮኸችም። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለተኛው ላይ ከእግሯ የወጣውን ድምፅ ሰማሁ። የተሰነጠቀው ድንጋይ ላይ አስቀምጫት ሦስት ጊዜ ተኮስኩ። ሰዎቹ በሃያ ደቂቃ ደረሱ። ፖሊሱ ደብተሩ ላይ «የተገኘችበት፦ የተሰነጠቀው ድንጋይ» ብሎ ጻፈ። እኔ ቆሜ እያየሁት ነው የጻፈው።

ነርስ ሃርኔት ጨርቁን ስትፈታ ፊቷ ተለወጠ። ሰዎቹን አስወጥታ «መጀመሪያ ንጹሕ ስብራት ነበር፤ አጥንቱ ሥጋውን የቀደደው ኋላ ነው። ከወደቀችበት ነው በቃሬዛ ያነሳችኋት?» አለችኝ። አዎን አልኩ። «ከተሰነጠቀው ድንጋይ?» አዎን አልኩ። ነርሷ እንጆሪ አትለቅምም፤ እንግሊዝ አገር ነው ያደገችው። ግን ቀድማ የእማዬን ፀጉር አጥባ ነበርና ጎድጓዳ ሳህኑን አዘንብላ አሳየችኝ። ከሥሩ ነጭ አሸዋ ተቀምጧል። «አቶ ሄድሊ፣ በዚያ ድንጋይ ዙሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ አልፋለሁ። ይህ አሸዋ እዚያ የለም» አለችና ውኃውን ደፋችው።

ዓርብ ትኩሳቱ ጀመረ። ቅዳሜ ቁስሉ አመረቀዘ። ሐኪሙ ሲመጣ እግሩ ምን እንደደረሰበት እውነቱን ካላወቀ የሚቆርጥበትን ቦታ ሊሳሳት ይችላል ብዬ ስላሰብኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ነርሷ ቤት ሄጄ ነገርኳት። ከየት እንዳመጣኋት አልነገርኳትም፤ ምን ያህል ጊዜ እንደተሸከምኳትና ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ ብቻ። ሁሉንም ጻፈችው። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ከዚያው ብትተኩስ ኖሮ በስንት ጊዜ ይደርሱ ነበር?» አለችኝ። «ባንድ ሰዓት፤ ቃሬዛ ይዘው» አልኳት። ይህንንም ጻፈችው።

ከዚያ ስወጣ ነው ቴሌግራምህን ከኪሴ አውጥቼ እንደገና ያነበብኩት። አራት ቀን ሙሉ በልቤ ስከስህ ከርሜ ነበር። አንተ ሁለተኛውን ግማሽ በወይዘሮ ፒርሲ ሽቦ ላይ መልቀቅ አቃተህ፤ እኔ ደግሞ በጠመንጃ አፍ መልቀቅ አቃተኝ። አንተ ሩቅ ሆነህ፣ እግሯን ሳታይ ነው። እኔ እያየሁት ነው። ስለዚህ ክሱን አንስቻለሁ። አንተም የኔን ታነሳልኝ እንደሆነ ራስህ ፍረድ፤ አልለምንህም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሱቁ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ አንድ ነገር አቀረብኩላቸው። ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። እያንዳንዷ ሁለተኛውን ግማሽ በወረቀት ጽፋ፣ አጥፋ፣ በክር ሰፍታ፣ ስሟን በውጭ በኩል አድርጋ እዚህ ትክተት፤ የጻፈችው ሴት እስኪመሽ ካልተመለሰች በቀር ወረቀቷን ማንም አይከፍተውም አልኩ። ድሩሲላ ቆርቆሮውን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ሴሊና ዞራ «አንቺ፣ የእንጆሪ ነጋዴው የእንጆሪያችንን ቦታ በቆርቆሮ ልጠብቅ ይላል! ትኩሳቱ ከእናቱ ተጋባበት እንዴ?» አለች። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ክዳኑንስ ማን ይጠብቀው፣ ወይዘሮ ፒርሲ?» ስትል ወይዘሮ ፒርሲ ብቻ አልሳቀችም። ከልብ ልንገርህ፣ እነሱን ብሆን እኔም ለእኔ አልሰጥም። የማይሸጥ እቃ ሳየው አውቃለሁ። ስለዚህ ቆርቆሮው ከነርሷ ዘንድ ቢቀመጥስ አልኩ፤ እሷ እንደሆነ ፍሬው ጥርሴ ውስጥ ይገባል ብላ አትቀምሰውም። ሳቁ አቆመ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ድሩሲላ ስትወጣ ክዳኑን አንስታ ውስጡን አየችና መልሳ ዘጋችው።

እማዬ ይህን ወሬ ከኦሊቭ ሰምታዋለች። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትኩሳቱ ጥቂት ቀለል ሲላት ልጅቷን ጠርታ በሩን አስዘጋች። እኔና ሴሊና ወጥ ቤት ተቀምጠን እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ እንሰማለን። ረጅም አልነበረም። ኦሊቭ ስትወጣ ጣቷ ቀለም ነክቶታል፤ በጥቁር ክር አራቱም ጎን የተሰፋ ወረቀት ይዛለች። ዓይኔን አላየችኝም። ሄዳ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠችው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን አንተ የምታውቀውን ታውቃለች። እኔም አውቀዋለሁ፤ ከእማዬ አፍ ግን አልሰማሁትም፤ ልዩነቱ ይገባሃል።

ኋላ ገብቼ አጠገቧ ስቀመጥ «ለነርሷ ነገርካት?» አለችኝ። «ተሸክሜሽ እንደመጣሁ ብቻ» አልኳት። «ምን አለች?» «ጻፈችው።» ጣሪያውን ስታይ ቆየችና «እግሬን ቢቆርጡት አንተ አይደለህም የቆረጥከው፤ እንዳትኩራራ» አለችኝ። ልታስቀኝ ፈልጋ ነው። አልሳቅሁም። ከዚያ አንተን ጠየቀች፤ ይመጣ ይሆን አለች። ሥራው አይለቀውም ብላት «ማንም ና አላለውም፤ ይመጣ ይሆን ነው ያልኩት» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ማታ ትኩሳቱ ተመለሰ።

ሐኪሙ ረቡዕ አይቶ የሚለውን በዚያው ቀን በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ቴሌግራሙ «ና» ካለ፣ አለቃህን አታስፈቅድ፤ ተነስተህ ና። «ቆይ» ካለ ቆይ። ይህ ደብዳቤ ከቴሌግራሙ በኋላ ነው የሚደርስህ፤ ቢያንስ ለምን ያን እንዳልኩ ታውቃለህ። ገንዘብ አትላክ፤ እማዬ ከላክህ ትመልሰዋለች።

ለዶሪስ የወንድምነት ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የሳሏን መድኃኒት እንዳትተው። ለትልቁ ልጅህ አያቱ ሁለተኛውን ጓንት ገና ሠርታ እንዳልጨረሰች ንገረው፤ አንደኛው ተጠናቆ መሳቢያው ውስጥ አለ። ትንሿን ሳምልኝ። ለቤት አከራያችሁ፣ ለዚያ ደግ ፖላንዳዊ፣ የላክንላችሁን ዓሣ በሰላም ስለተቀበለልን አመስግንልኝ። ሴሊና ትስማችኋለች። ኦሊቭ አጎቴን ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ከዚያ በላይ ምንም እንድጽፍ አልፈቀደችም። አዛርያ ከእነ ፒፓው ሰላም ብሎሃል፤ «ሽቦውን አትመነው፣ ደግ አደረግህ» በልልኝ ብሏል። እኔ ግን ደግ አደረግህ አልልህም። ደግ ያደረገ የለም።

ወንድምህ ሄድሊ
ስኪፍ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ነገ፦ ቆርቆሮውን ለነርሷ ማድረስ። ወደ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ኋላ። ውስጡ አንድ ወረቀት አለ።